ለጥፋት ሁሉ እንደ መጠኑ ቃል ስለ መስጠት

አንባቢ ሆይ፥ ሚዛን የሚያዛባ ነጋዴ ባልንጀራውን እንደሚበድል ሁላችን እናውቃለን። ቃልን የሚያዛባ ሰው ግን ከዚያ ነጋዴ ይልቅ ሊበድል እንደሚችል የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው። ስኳር የጎደለበት ሰው ነገ ሌላ ይገዛል፤ ከሥራው የሚከብድ የነቀፋ ስም የወጣለት ሰው ግን ያን ስም ተሸክሞ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሕፈት ወቀሳ የሚገባውን ሰው በምን በምን ቃል እንደምንጠራው፥ ቃሎቹም እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚለያዩ እንመረምራለን። አስቀድሜ ግን ይህን ትምህርት ማን እንዳስተማረኝ መናገር ይገባኛል፤ በትምህርት ቤት አልተማርሁትምና።

1. የሸራው ነገር

በላፍቶ፥ እኔ በምኖርበት ሰፈር፥ ለአንድ ማኅበር የግንብ አጥር ይሠራ ነበር። ወራቱ ሐምሌ ነበረ። 20 ኩንታል ሲሚንቶ በግቢው ውስጥ ተደርድሮ ሳለ በአንዲት ሌሊት ዝናም ወረደበት፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተገኘ። የግቢው ዘበኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ዝናሙ ሲጀምር እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በቍጣ ተነጋገሩ፤ አንቱታውንም ትተው አንዱ «ሌባ ነው» አለ፥ ሁለተኛው «ወንጀለኛ ነው» አለ፥ ሦስተኛው «አርጅቷልና ይሂድ» አለ። የማኅበሩ ጸሓፊ እኔ ነበርሁና የስንብቱን ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ከቃሎቹ ሁሉ ለስለስ ያለውን የመረጥሁ መስሎኝ «በማኅበሩ ንብረት ላይ በደል ስለ ፈጸሙ ተሰናብተዋል» ብዬ ጻፍሁ፤ ማኅተምም ተደረገበት።

በዚያ ስብሰባ ያልተናገርሁት አንድ ነገር ነበረ። ሸራው የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ቍልፉ በእኔ ኪስ ነበር። ዝናሙ ከመዝነሙ ከሁለት ቀን በፊት እኒያ ሰው «ወንጌላዊ፥ ደመናው ከብዷል፤ ሸራውን ያውጡልኝ» ብለውኝ ነበር፤ በማግሥቱም ደገሙልኝ። እኔም ሁለቱንም ጊዜ «ነገ፥ አባባ» ብዬ መንገዴን ሄድሁ።

ከ5 ወር በኋላ ሽማግሌው ወደ ደጄ መጡ። ደብዳቤዬን ከጨርቅ ፈትተው አወጡ። ሥራ ለመለመን በሄዱበት ሁሉ የቀድሞ አሠሪያቸውን ወረቀት ሲጠየቁ ይህን ያሳያሉ፤ የሚያነበውም ሰው «በደል» ከሚለው ቃል ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ይመልስላቸዋል። ሽማግሌው ሥራቸውን አልለመኑኝም፥ ገንዘብም አልጠየቁኝም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «ወንጌላዊ፥ ተኝቼ ነበር። ጥፋት አለብኝ፥ ይህን አልክድም። በደል ግን የለብኝም። ያችን ቃል አንሡልኝ።»

ወዳጄ ሆይ፥ እኒህ ሰው ፊደል አልቈጠሩም። ብዙ ዘመን በትምህርት ቤት የተቀመጥሁት እኔ አንድ ያደረግኋቸውን ሁለት ቃሎች ግን እርሳቸው ለይተው ያውቁ ነበር።

2. ቃሎቹ በየተራቸው

እንግዲህ ቃሎቻችንን ከቀላሉ እየጀመርን እንይ።

ስሕተት። በግእዝ ስሕተ ማለት መንገድ ሳተ ማለት ነው። የሚሳሳት ሰው ወደ ደኅናው ቦታ ሊሄድ ወድዶ ሳለ ባለማወቅ ወደ ሌላ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚገባው መንገዱን ማሳየት ነው። ዘበኛው ሲሚንቶው አስቀድሞ የተሸፈነ መስሏቸው ቢተዉት ኖሮ ነገሩ ስሕተት ይባል ነበር።

ግድፈት። ገደፈ ማለት ጣለ፥ ተወ ማለት ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሓፊ አንዲት ፊደል ቢዘልል ገደፈ ይባላል። ስሕተት ያልሆነውን ማድረግ ሲሆን ግድፈት የሚገባውን ሳያደርጉ ማለፍ ነው። ብዙ ሰው «ምንም አላደረግሁም» ብሎ ራሱን ነጻ ያወጣል፤ የተከሰሰበት ነገር ግን ይኸው ምንም አለማድረጉ ሊሆን ይችላል።

ቸልተኝነት። ይህ ከግድፈት ይከብዳል፤ ሰውየው ሊያስብበት ሲገባውና ሲቻለው አላሰበበትምና፥ ወይም አደጋውን አይቶ «አይደርስም» ብሎ ንቆታልና። ደመናውን አይቼ «ነገ» ማለቴ ቸልተኝነት ነበረ።

ጥፋት። ይህ ቃል ሁለት ፊት አለውና ተጠንቅቀህ መርምረው። ከጠፋ የወጣ ስለ ሆነ የጠፋውን ነገር ይናገራል፤ ደግሞም ያጠፋውን ሰው ዕዳ ይናገራል። «ብዙ ጥፋት ደረሰ» ስንል ስለ ጕዳቱ እንናገራለን፤ «የማን ጥፋት ነው?» ስንል ሰውን እንፈልጋለን። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ጕዳቱ ትልቅ ሲሆን የሰውየውም ዕዳ በዚያው ልክ ትልቅ ይመስለናል። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። 20 ኩንታል ሲሚንቶ ጠፋ፤ የዘበኛው ጥፋት ግን የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ነበረ። ሌላ ዘበኛ በዚያው ሌሊት ተኝቶ ዝናም ባይዘንም ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እንቅልፉ ግን ያው እንቅልፍ ነው።

ነውር። ነውር እንከን ነው። በኦሪት ሕግ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት ነውር የሌለበት እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ በዚያ ስፍራ ነውር ማለት ዕውርነት ወይም ስብራት ነበረ እንጂ የጠቦቱ ክፋት አልነበረም። በሰውም ዘንድ ነውር በሰው ዐይን የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ከአገር አገር፥ ከዘመን ዘመንም ይለወጣል። በመንገድ እየሄዱ መብላት በአባቶቻችን ዘንድ ነውር ነበረ፤ በእርሱ የተጐዳ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ነውረኛ የተባለው ሁሉ በደለኛ አይደለም፤ በደለኛም ሆኖ ነውሩ ለሰው ያልታየ ብዙ ነው።

በደል። በደል ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል ይቆማል። ሰው ለብቻው ሊሳሳት፥ ለብቻውም ሊያጠፋ ይችላል፤ ተበዳይ ሳይኖር ግን በዳይ የለም። በደል የሌላውን መብት መውሰድ፥ ወይም የሚገባውን መከልከል ነውና «ማንን በደለ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል። ደግሞም ሰው «በደለ» ሲባል የሚሰማው ያውቃል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ይህ ቃል የልብን ክፋት ይጨምራል። ሽማግሌው «በደል የለብኝም» ያሉት ስለዚህ ነው። እንቅልፍ ያሸንፋል፤ ማንንም ሊጐዱ አስበው አልተኙም።

ወንጀል። ወንጀል ሕግ አስቀድሞ በስሙ ጠርቶ የከለከለው ሥራ ነው። እጅግ የሚያስቈጣ ነገር እንኳ ቢሆን ሕግ ካልጻፈው ወንጀል አይባልም። ስለዚህ «ወንጀለኛ ነው» ያለው ሽማግሌ አንቀጽ ሳይጠቅስ ፈረደ።

ኃጢአት። ይህ በእግዚአብሔር ፊት የሚቈጠር ዕዳ ነው። በግእዝ ኀጥአ ማለት አጣ ማለት ነውና ኃጢአተኛ የታሰበለትን ነገር ያጣ ሰው ነው፤ በግሪክ ቋንቋም ስለ ኃጢአት የሚነገረው ቃል ዒላማን ከመሳት የመጣ ነው። ጌታችን ባስተማረው ጸሎት የግእዙ መጽሐፍ አበሳና ጌጋይ የሚባሉ ሁለት ቃሎች ይዟል፤ የአማርኛው በደል ይላል፤ በማቴዎስ ወንጌል ያለው የግሪኩ ቃል ግን ዕዳ ማለት ነው። አበሳ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛችን መከራን እንደሚናገር ልብ በል፤ «አበሳዬን አየሁ» የሚል ሰው ስለ መከራው ይናገራል እንጂ ጥፋቱን አይናዘዝም። ቃል እንኳ ከጥፋት ወደ መከራ ይሻገራል።

አሁን እነዚህን ቃሎች በራሴ ላይ ልለካቸው። «ነገ» ማለቴ ቸልተኝነት ነበረ። ቍልፉ በኪሴ ሳለ በስብሰባው ዝም ማለቴ በደል ሆነ፤ ተበዳዩ ይታወቃልና፥ እኔም ዐውቄ አድርጌዋለሁና። ደብዳቤውን ጽፌ 5 ወር በሰላም መተኛቴ ደግሞ ማንም ዳኛ የማይጠይቀኝ ኃጢአት ነበረ። ሽማግሌውን ግን ለአንድ ሰዓት እንቅልፍ ለእኔ በሚገባው ስም ጠራኋቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

3. ዕዳ ከጥፋት እንዲለይ

ሰው ጥፋት ሳይኖርበት ዕዳ ሊከፍል ይችላል። ይህን አባቶቻችን በአፈርሳታ ያውቁት ነበር። በአንድ አገር ሌብነት ሲደረግ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅም ሊሄድ አይፈቀድለትም። ሌባው ካልተገኘ አገሬው በሙሉ አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። ከከፋዮቹ አብዛኞቹ እጃቸው ንጹሕ ነበረ፤ ስለ ከፈሉም ሌቦች አልተባሉም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ይለያል። በራሱ ጥፋት ሌላውን የጐዳ ሰው እንዲክስ ያዝዛል፤ ነገር ግን ጥፋት ሳይኖርበትም ባለቤት ስለ ሆነ ብቻ የሚከፍልበትን ነገር ይጨምራል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ስላደረሰው ጕዳት፥ የመኪናም ባለቤት መኪናው ስላደረሰው ጕዳት ይጠየቃል። ዕዳው ለተጐዳው ሰው መጽናኛ ነው፤ ለከፋዩ የክፋት ስም አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲከፍል አይተህ «ጥፋተኛ ነውና ከፈለ» አትበል። አንተም ደግሞ «ከከፈልሁ ጥፋተኛ መባሌ ነው» ብለህ ለተጐዳው ባልንጀራህ የሚገባውን አትከልክል።

4. ለተማሪዎች፥ ስለ እንግሊዝኛ ቃሎች

እንግሊዝኛ የምትማር ወጣት ሆይ፥ መዝገበ ቃላት ለብዙ ቃሎች «ጥፋተኛ» የሚል አንድ ትርጕም ቢሰጥህ ባለ ቋንቋዎቹ እንደሚለዩአቸው ዕወቅ። ጊልቲ የሚባለው ያን ሥራ በእርግጥ ያደረገ፥ በፍርድ ቤትም የተፈረደበት ነው፤ ዳኛ ሲናገረው ነው ወይም አይደለም ይላል እንጂ እኩሌታ የለውም። ደግሞ ሕሊናው የሚወቅሰው ሰው ስለ ራሱ ስሜት ይህንኑ ቃል ይናገራል። ካልፐብል በሮማይስጥ ጥፋት ማለት ከሆነው ከኩልፓ የመጣ ነው፤ ይህ መጠን አለው፥ ሰው ብዙ ወይም ጥቂት ካልፐብል ሊሆን ይችላል። ብሌምወርዚ ወቀሳ የሚገባው ማለት ነው፤ ሕግ ባይከሰውም በምግባሩ ይወቀሳል። ሪፕሪሄንሲብል እጅግ የሚነቀፍ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ለሥራው እንጂ ለሰውየው አይነገርም። ላያብል በሕግ የሚከፍል ነው፤ ጥፋት ላይኖርበት ይችላል። ሪስፖንሲብል ለነገሩ መልስ የሚሰጥ ነው፤ እኛ ኀላፊ ወይም ተጠያቂ እንለዋለን፥ ተጠያቂ ማለትም የሚጠየቅ ማለት ነውና ከመልሱ በፊት ፍርድ የለበትም።

ሽማግሌው በእነዚህ ቃሎች ቢለኩ በጥቂቱ ካልፐብል ነበሩ። እኔ በደብዳቤዬ ሪፕሪሄንሲብል የሆነ ሥራ የሠሩ አስመሰልኋቸው። በእንግሊዝኛ ብጽፈውም ኖሮ ያንኑ ሐሰት እጽፍ ነበር፤ ብዙ ቃል ማወቅ ብቻውን ሰውን እውነተኛ አያደርገውምና።

5. ከመፍረድ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

መጀመሪያ፦ በእርግጥ እርሱ አደረገውን? በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ያዝዛል። ስለዚህ ተጠርጣሪ፥ ተከሳሽ፥ ጥፋተኛ፥ ፍርደኛ የሚባሉት ቃሎች አራት ደረጃዎች ናቸው፤ በመንደር ወሬ ግን አንድ ሰው በማለዳ ተጠርጥሮ በቀትር ፍርደኛ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ዐውቆ አደረገውን? በኦሪት ዘዳግም 19ኛ ምዕራፍ ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር የሄደ ሰው ተነግሯል። ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ገደለው፤ አስቀድሞ ጠላቱ አልነበረምና የሚሸሽበት ከተማ ተሰጠው። ሬሳው አንድ ነው፥ መጥረቢያውም አንድ ነው፤ ልቡ ግን ከነፍሰ ገዳይ ልብ የተለየ ነው። የአገራችንም የወንጀል ሕግ አስቦ ያደረገውን በቸልተኝነት ካደረገው ይለያል፤ በቸልተኝነት የተደረገውም ሕጉ በግልጥ ካልደነገገው በቀር በፍርድ ቤት አያስቀጣም። ከዐቅም በላይ በሆነ ኀይል ወይም በድንገተኛ አደጋ ለደረሰው ነገር ደግሞ ሰው አይቀጣም።

ሦስተኛ፦ ምን ያህል ተሰጥቶት ነበር? በሉቃስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ የጌታውን ፈቃድ ዐውቆ ያላደረገው ባሪያ ብዙ ሲገረፍ ያላወቀው ጥቂት ይገረፋል። እንግዲህ የተማረውና ቍልፍ የያዘው ሰው ከዘበኛው ይልቅ ይጠየቃል። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል፤ ወቀሳው ቍልፍ የያዘውን አልፎ በሩን በሚጠብቀው ላይ ይወድቃል።

በዚህ ነገር ከሕጋችን ስም አንድ ትምህርት እናገኛለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣው፥ በኋላም በ1949 ዓ.ም. የተተካው ሕግ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይባል ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ግን የወንጀል ሕግ ይባላል። ፊተኛው ስም ሰውየውን ይጠራ ነበር፤ ኋለኛው ሥራውን ይጠራል። እኛም በቤታችንና በማኅበራችን እንዲህ ብናደርግ እንዴት መልካም በሆነ! «ዋሽተሃል» የተባለ ልጅ ነገ እውነት ሊናገር ይችላል፤ «ውሸታም» ተብሎ ያደገ ግን ስሙን ሊመስል ይጀምራል።

6. ስለ ወቀሳ መንገድ

ለጥፋት መጠን እንዳለው ለነቀፋም ስፍራ አለው። ወቀሳ በወዳጅ ፊት ለፊት ይነገራል፤ የሚወቅስህ ሰው ገና አልተወህም። ተግሣጽ አባት ለልጁ፥ መምህር ለደቀ መዝሙሩ የሚሰጠው ነው፤ ፍጻሜውም ማቅናት ነው። ነቀፋ ጕድለትን ብቻ ያያል። ዘለፋ ሰውየውን ራሱን ያዋርዳል። ሐሜት ደግሞ ተከሳሹ በሌለበት የተቀመጠ ፍርድ ቤት ነው። እኛ በዚያ ሐምሌ ስብሰባ ስንቀመጥ ዘበኛው ከደጅ ቆመው ነበር፤ ከመካከላችን ግን ጠርቶ «አባባ፥ ምን ሆነ?» ያላቸው አልነበረም። ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ የሸራው ነገር በዚያች ሰዓት በተገለጠ ነበር።

7. ሁለተኛው ደብዳቤ

ሽማግሌው ከደጄ በመጡ በሳምንቱ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የቍልፉን ነገር ተናገርሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚህ በኋላ የሲሚንቶው ዋጋ እኩሌታ ከደመወዜ ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል ተፈረደ፤ ይህም ቅን ፍርድ ነበረ። የፊተኛው ደብዳቤ ተቀዶ በምትኩ እንዲህ የሚል ተጻፈ፦ «በሥራ ላይ ሳሉ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው ሲሚንቶ በዝናም ተበላሽቷል። አስቀድመው ግን ሸራ እንዲሰጣቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀው ነበር፤ ያልሰጣቸውም የማኅበሩ ጸሓፊ ነው። በሌላው ሁሉ በታማኝነት አገልግለዋል።»

ወረቀቱን ስሰጣቸው በመንገድ ያልፍ የነበረ አንድ ተማሪ ጠርተው ሁለት ጊዜ አስነበቡት። «እንቅልፍ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲወጣ አልጠየቁም። ከዚያ በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ሀና ማርያም መንገድ ሄዱ፤ ሥራም አገኙ። ያለ ደመወዝ የተቀመጡበትን 5 ወር ግን የትኛውም ወረቀት አልመለሰላቸውም፤ እኔም ይህን ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ ብዕሬን ቀስ ብዬ አነሣለሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለራስህ አቅርብ። በዚህ ሳምንት በቤትህ፥ በሥራህ ወይም በትምህርት ቤትህ ማንን በምን ስም ጠራህ? ስሙ ከሥራው ጋር ይመዘናልን? የተሳሳተውን በዳይ፥ የተጠረጠረውን ሌባ ብለኸዋልን? ከመፍረድህ በፊት ጠርተህ ጠየቅኸውን? ደግሞስ በሌላው ላይ ስትፈርድ ቍልፉ በማን ኪስ ነበረ? በአንተ ኪስ ከሆነ ነገ አትበል። ተነሥተህ ሂድ፥ ያችንም ቃል አንሣለት።